የቀዳ እጅ

አላምረው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከተንበረከከ ቆይቷል። ላቡ በአገጩ እየወረደ አፈሩን ያርሳል። ዕድሜው አሥራ ሰባት ነው። ሰክሮ በነዳው ባጃጅ የገጫት አስካለ ከሞተች ገና አርባዋ አልወጣም። ድንጋዩን ማውረድ የሚችለው የሟች ወገን ብቻ ነው፤ አባት በሌለበት ደግሞ ወገን ማለት ታላቅ እህቷ የትናየት ናት። ካነሳችለት ደሙ ይደርቃል። ካላነሳችለት ቂሙ ወደ ወንድሞቹ ይሻገራል።

ዘወልድ የሚባለው የደም ዕርቅ ሸንጎ ሽማግሌዎች ከዕርቁ በፊት ሕግ ሊያወጡ ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ሕግ ይውጣ ብላ የወተወተችው ከህንድ ተምራ የተመለሰችው የትናየት ራሷ ነበረች። አሁን ቆማ ስትሰማቸው አፏ ይመርራታል።

«ከአሥራ ስምንት በታች ያለ ባጃጅ እንዳይነካ» አለ አንዱ።

«እናቱን የሚያበላውስ? ሊሰርቅ ይሂድ?»

«እንግዲያው ፀሐይ ስትገባ ባጃጅ ይቁም።»

«ምጥ የያዛትን ከገጠር በምን ልታመጣት ነው? በጀርባህ?»

ሰው ሳቀ። የትናየት ደሟ ፈላ። ያናደዳት ሳቁ ብቻ አልነበረም፤ ሁሉም ልክ መሆናቸው ጭምር ነው።

ሸንጎውን የሚመሩት ሼህ ከማሉዲን እጃቸውን አነሱ። «አረቄ ሻጮች ለልጅ እንዳይሸጡ። የሸጠች እሳት አይጫርላት፣ ቀብሯም ላይ ሰው አይቁም።»

«ይበጃል» አለ የየትናየት አጎት ገብረ ማርያም፣ ከሁሉ ቀድሞ።

«አላምረው አረቄ አልገዛም» አለች የትናየት። «ሙሽራ ይዞ የመጣው እናንተ ቤት ነው፣ አጎቴ። ሙሽራ ያመጣ ሹፌር ሳይጠጣ አይወጣም ብላችሁ ቀዳችሁለት። በቃኝ ሲል ደገማችሁለት።»

«ወጉ ነዋ» አለ ገብረ ማርያም። «ከሰርግ ቤት ጉሮሮው ደርቆ የወጣ ሹፌር አይተሽ ታውቂያለሽ? ወይስ ህንዶቹ ወግሽን አስረሱሽ?»

«ለቀዳ ሰውስ ምን ሕግ አላችሁ?»

ሼህ ከማሉዲን መሬት መሬት አዩ። «ልጄ፣ ሰርግ ቤት ደጃፍ ላይ ዘብ አይቆምም። ብናወጣውም ቀድመን የምናፈርሰው እኛው ነን። ወላሂ፣ አንዋሽሽም።»

«አረቄ ሻጯን ግን የሚቀብራት አይኑር?» አለች የትናየት።

የማይከበር ሕግ ካልወጣው ይብሳል፤ ይህን እሷም በትምህርቷ ጊዜ ጽፋው ነበር፣ ብዙ ገጽ፣ ረጋ ባለ ቋንቋ። ያኔ አስካለ በሕይወት ነበረች።

«አንሽለት በይ፣ ፀሐዩ በረታበት» አሉ ሼሁ።

ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከልጁ ማጅራት አነሳች። አላምረው ግንባሩን አፈር ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ከኋላ የቆሙት ተመስገን አሉ። በወጉ ድንጋዩን እዚያው መጣል ነበረባት። አልጣለችውም። ካሰበችው በላይ ይከብዳል። ሆዷ ላይ አቅፋ በሽማግሌዎቹ መሃል አለፈችና አጎቷ ፊት ቆመች።

ገብረ ማርያም ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ሼሁን አየ፤ ሼሁ ግን ዓይናቸውን አልመለሱለትም። አንገቱ ላይ የጠመጠመውን ኩታ ያዘ። ሊፈታው ይሁን ሊያጠብቀው አልታወቀም።

የትናየት ድንጋዩን ወደ ማጅራቱ አስጠጋችው።