የግራ ጆሮ

አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የምልመላ ጣቢያው የጆሮ ክፍል እንዲህ ነበር። ከምድር ቤት፣ በመተላለፊያው መጨረሻ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ፣ ሣጥን የመሰለ ጠባብ ክፍል አለ። ከድርብ በሩ ሌላ ያለው ቀዳዳ የማይከፈት ወፍራም መስታወት የተገጠመለት አንድ መስኮት ብቻ ነው። ተመርማሪው ገብቶ ይቀመጣል፣ የጆሮ ማዳመጫ ያጠልቃል፣ ባለ ገመድ ቁልፍ በእጁ ይይዛል። መርማሪው ከመስኮቱ ውጭ መሣሪያው ፊት ተቀምጦ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ሰውየው ከሰማ ቁልፉን ይጫናል፤ ሲጫን መሣሪያው ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ትበራለች። ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። የሰማው የመጨረሻው ድምፅ በዴሲቤል ይጻፋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጆሮው ደክሟል ማለት ነው። ከሁለቱ ጆሮዎቹ አንዱ ከአርባ በላይ የሆነበት ሰው ለውትድርና አይበቃም።

በዚያን ጊዜ እዚያ የሚገባው በፈቃዱ የመጣ ሰው ብቻ ነበር። በቀን ሦስት አራት ሰው ከመጣ ብዙ ነው። ጆሮው የደከመ ሲያጋጥም፣ እንዳይጥሉት ስለሚፈራ፣ ያልተሰጠውንም ድምፅ ሰማሁ ብሎ ይጫናል። ለዚህ መርማሪዎቹ አንድ ዘዴ ነበራቸው፤ ዝምታ መስጠት ይሉታል። ድምፅ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ጊዜ ምንም ሳይሰጡ መቆየት ነው። በዝምታው መሀል መብራቷ ከበራች ሰውየው እየገመተ ነው።

ሠራተኞቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ መርማሪዋ፣ አርባን የተሻገረች፣ ያላገባች ሴት ናት። ሌላው ጡረታቸው የተቃረበ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲራመዱም ሻይ ሲጠጡም በእኩል ልክ ስለሆነ ጣቢያው ሁሉ ጋሼ ሰዓቱ ይላቸዋል። ድምፅ ሲሰጡም እንደዚያው ነበሩ። በልባቸው ሦስት ይቆጥሩና ይሰጣሉ፣ ሦስት ይቆጥሩና ይሰጣሉ። በሙያው ይህ ስሕተት ነው፤ ተመርማሪው ምቱን ከያዘው ሳይሰማም ይጫናልና። መርማሪዋ ነግራቸው ታውቃለች።

«እኔ ስወጣ ከበሮ መቺ ቅጠሪ» ብለው ሳቁባት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

እሷም ቤቷ ገብታ ለወንድሟ ታወራለታለች። እራት ላይ በማንኪያዋ ጀርባ ጠረጴዛውን እየመታች፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጢጥ! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ጢጥ!» ስትል ወንድሟ ሻዩ ትን እስኪለው ይስቃል። የሚኖሩት ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሁለቱ ብቻ ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ጎረምሳ ሆኖ መስታወት ቤት ይሠራል፤ የመስኮትና የጠረጴዛ መስታወት ይቆርጣል፣ ጠርዙን በማሽን ይሞርዳል። በልጅነቱ የግራ ጆሮው መግል ይዞ ስለነበር በዚያ በኩል ብዙም አይሰማም። ከሁለቱ በቀር ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ጦርነቱ ገፋ፣ አዋጁም ወጣ። ከእንግዲህ ውትድርና በፈቃድ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ዕጣ የወጣበት ሁሉ ይዘምታል ተባለ። መተላለፊያው በወጣት ተሞላ፤ ወንበር ስላልበቃ መሬት ላይ ይቀመጡ ጀመር። የመርማሪዎቹም ሥራ ተገለበጠ።

«ድሮ ያልሰጠነውን ይሰሙ ነበር፤ አሁን የሰጠነውን አይሰሙም» ይሉ ነበር ጋሼ ሰዓቱ። ለእነዚህ የራሳቸው መላ ነበራቸው። ደንቆሮ ነኝ ያለው ልጅ ማዳመጫውን አውልቆ ሲወጣ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት በሹክሹክታ «በቃ፣ ወደ ቤትህ ሂድ» ይሉታል። ልጁ ኮቱን አንሥቶ መንገድ ይጀምራል። «ይገርማል» ይላሉ ዞረው፤ «ወደ ቤትህ ሂድ የምትለዋን የማይሰማ ደንቆሮ እስካሁን አልገጠመኝም። ና ተመለስ፣ ልጄ።»

አንድ እሑድ ጠዋት ወንድሟ ዳቦውን እየቆረሰ፣ «እትዬ፣ ልመዘገብ ነው» አላት።

«የምን?»

«ዕጣ ሳይወጣብኝ በፈቃዴ ልገባ። በፈቃዱ የገባ ክፍሉን ይመርጣል። እኔ ቁስለኛ አንሺ ነው የምሆነው። ዕጣ የወጣበት ግን ሳይጠይቁት እግረኛ ጦር ነው።»

«ጆሮህስ?»

«ጆሮዬ ምን ሆነ?»

«አታሹፍ። በግራው አትሰማም እኮ። ዕጣ ቢወጣብህም ይጥሉሃል፤ ቤትህ ትቀመጣለህ።»

«እሱ ነው የሰለቸኝ። መስታወት ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ሽማግሌው ባለቤቱ ነን። ሰፈሩ ውስጥ ደግሞ እኔና ድመቶቹ።»

«ድመቶቹ ምን አደረጉህ?»

«እነሱማ ደግ ናቸው። ሴቶቹ ናቸው በመስኮት እያዩኝ ‹ይሄ ምን ይጎልተዋል› የሚሉት።» ዳቦውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ ሰው ልገድል አይደለም የምሄደው። የወደቀ ላነሣ ነው። አንቺ ካልነገርሻቸው ማን ይነግራቸዋል?»

ብርጭቆውን አንሥታ አጠበች፤ ንጹሕ ነበር። እሱ ከሄደ በዚያ ቤት ውስጥ «እትዬ» የሚላት ሰው አይኖርም። ሌላ ዘመድ የላትም፤ ከጎረቤትም ጋር ከሰላምታ አልፋ አታውቅም። ይህን ሁሉ በልቧ ብታውቀውም ጮክ ብላ አላለችውም።

ወንድሟ ምርመራ በቀረበበት ጠዋት መሣሪያው ፊት የተቀመጡት ጋሼ ሰዓቱ ነበሩ። ዘመድ ዘመዱን አይመረምርም፤ ደንቡ ነው። እሷ ከኋላቸው፣ መስኮቱና መብራቷ በሚታዩበት ጠረጴዛ ላይ ነበረች።

«ያንቺው ነው?» አሏት።

«ወንድሜ ነው።»

«አንቺን አይመስልም። ቆንጆ ነው።»

ቀኝ ጆሮው አምስት ዴሲቤል ሆነ፤ የጤነኛ ሰው ጆሮ ነው። ወደ ግራው ተሻገሩ። አርባ ላይ መብራቷ በራች። ሠላሳ አምስት ላይ በራች። ሠላሳ ላይ በራች። መርማሪዋ መብራቷን ትታ በመስኮቱ አሻግራ አየችው። ዓይኖቹን ጨፍኗል፤ አገጩ በትንሹ፣ በልክ፣ ወደ ታች ይላል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምቱን ከየት እንደተማረ ወዲያው ገባት። ከእራት ጠረጴዛዋ ነው።

«ሠላሳ ብለን እንለፈው» አሉ ጋሼ ሰዓቱ፣ እስክሪብቶ እያነሡ። «ደህና ጆሮ ነው።»

«ዝምታ ይስጡት» አለች።

ዞረው አዩዋት። «ማንን? ይሄን?»

«አዎ።»

«አንቺ ልጅ፣ የገዛ ወንድምሽ እኮ ነው። ደግሞ በእግሩ የመጣ ነው። ዘንድሮ በእግሩ የመጣ ስንት አየሽ?»

«ዝምታ ይስጡት፣ ጋሼ።»

እጃቸውን ከመሣሪያው አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። መብራቷ በራች። ምንም አልተሰጠም፤ ደግማ በራች። አሁንም ምንም አልተሰጠም፤ በራች። ከመስታወቱ ወዲያ ወንድሟ ትምህርቱን በደንብ እንዳጠና ተማሪ ፊቱ ረግቶ ተቀምጦ ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አሉ ሽማግሌው፤ እንደ ልማዳቸው አልሳቁም። ልኩን ትተው፣ አንዴ አፍጥነው አንዴ አዘግይተው እንደገና ለኩት። ሃምሳ አምስት ሆነ። አይበቃም ተባለ።

በዚያ ጠዋት ከእሱ በፊት ከገቡት ውስጥ መርማሪዋ ዝምታ ይሰጠው ያለችለት ሰው አልነበረም።

ቤት ስትገባ ጫማውን እንዳደረገ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ማነው ያስደገመኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለሥራሽ ብለሽ?»

«ላንተ ብዬ። ከጦር ሜዳ ለጆሮ ምርመራ የሚመለሱትን የማያቸው እኔ ነኝ፤ አንተ አታውቀውም።»

«እኔን ጠየቅሽኝ?»

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«መንግሥት ሳይጠይቀኝ ሊወስደኝ ነበር። አንቺ ሳትጠይቂኝ አስቀረሽኝ» አለ። «እሱስ አያውቀኝም።»

ልብሱን በአንድ ሻንጣ ይዞ መስታወት ቤቱ ጓዳ ገባ፤ እዚያው ማደር ጀመረ። መርማሪዋ መጀመሪያ ሰሞን ንዴቱ ሲበርድለት ይመለሳል አለች። ቀጥሎ ብርድ ሲገባ ይመለሳል አለች። ብርዱ ገባ። ዳቦ ስትገዛ ግማሹን ብቻ ማስቆረጥ ለመደች። ጆሮዋ የሠለጠነ በመሆኑ ከላይ ፎቅ ያሉት ሰዎች ስኳር ሲያማስሉ ይሰማታል፤ ሕፃናቸው ሲስቅ ይሰማታል። ምሳ ሰዓት ላይ ባዶው የምርመራ ክፍል ውስጥ ገብታ በሩን መዝጋት አመጣች። እዚያ ውስጥ ጥቂት የቆየ ሰው ከገዛ ደሙ ዝውውር በቀር የሚሰማው የለም። ለእሷ ከቤቷ ይሻላል።

አንዴ ሹራብ ይዛለት መስታወት ቤቱ ሄደች። ሽማግሌው ባለቤት በር ላይ ነበሩ።

«አለ?»

«የት ይሄዳል ብለሽ? ማሽኑን ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። ግራ ጆሮህንም ሸፍን ስለው ‹ከዚህ በላይ ምን ሊሆን› ይለኛል። ግቢ።»

ቀኝ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ፣ ግራ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ፣ ጎንበስ ብሎ እየሞረደ ነበር። ማሽኑ እስኪቆም ጠብቃ ጠራችው። አልዞረም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደግማ ጠራችው። አልዞረም። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ አልሰማም ያለውን ከማይሰማው መለየት። ከዚያ በር ላይ ቆማ ግን ሊለይላት አልቻለም። ሹራቡን ለሽማግሌው ሰጥታ ተመለሰች።

በጸደይ መግቢያ አዲስ መመሪያ ደረሰ። ሰው ስላነሰ መስፈርቱ ዝቅ ብሏል፤ የሚጣለው ጆሮው ከስልሳ በላይ የሆነ ብቻ ነው። ቀድሞ የተጣሉትም እንደገና ይመረመራሉ፤ የበቁት ሁሉ እግረኛ ጦር ይገባሉ፤ ምርጫ የለም። ጋሼ ሰዓቱን ጡረታቸውን አራዝመው ወደ ሌላ ጣቢያ ላኳቸው፤ የዚያ ጣቢያ መርማሪ ራሱ ዕጣ ወጥቶበት ዘምቷል። ክፍሉ ውስጥ መርማሪዋ ብቻዋን ቀረች።

ወንድሟ የተጠራ ዕለት ወደ ጣቢያው አዛዥ፣ ወደ መቶ አለቃው፣ ወጣች።

«ጌታዬ፣ ዘመድ ዘመዱን አይመረምርም ይላል ደንቡ።»

«ደንቡ መርማሪ ሁለት በነበረ ጊዜ የወጣ ነው» አላት፣ ቀና ሳይል። «ሌላ ሰው ካለሽ አምጪ።»

ስትወርድ ወንድሟ ድርብ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከስቷል፤ ፂም አብቅሏል። ያመጣችለትን ሹራብ አልለበሰም። ማዳመጫውን ስትሰጠው እጃቸው ተነካካ።

«እትዬ» አለ። ከቤት ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «የሰማሁትን ብቻ ነው የምጫነው። አንቺም የተጫንኩትን ብቻ ጻፊ።»

«አሁን እኮ ቁስለኛ አንሺ የለም። ጠብመንጃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ብትል እኮ ትቀራለህ። ማንም አያውቅም።»

«አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔም አውቃለሁ።» ማዳመጫውን አጠለቀ። «ወደድኩም ጠላሁም ጠርተውኛል። ቢያንስ ይቺን እኔ ልወስን።»

ገባ። ሁለቱንም በር ዘጋችና መሣሪያዋ ፊት ተቀመጠች። በመስታወቱ በኩል ዓይኖቹን ገልጦ ቀጥ ብሎ ያያት ነበር፤ እሷም እጇን ከመሣሪያው ጀርባ ሸሸገች፤ መቼ እንደምትሰጥ እንዳያይ።

ቀኙ እንደ ድሮው አምስት ነበር። ወደ ግራው ተሻገረች። ሰባ ሰጠች፤ በራች። ስልሳ ሰጠች፤ በራች። ወደ ሃምሳ ወረደች፤ አልበራችም። ሃምሳ አምስት ሰጠች፤ አልበራችም። ወደ ስልሳ መለሰችው፤ በራች። የመስታወት ቤቱ ማሽን ከጆሮው ላይ አምስት ዴሲቤል ወስዷል። አምስት ዴሲቤል የመሣሪያው ትንሹ ምልክት ነው። የድምፁ መዘውር አንዲት ምልክት ተሻግሮ ቢሆን ስልሳ አምስት ነበር፤ ቤቱ ይቀር ነበር። እስክሪብቶውን ይዛ ቆየች። ከወዲያ ወገን አሁንም ያያታል።

ከመነሻው ጀምራ ደግማ ለካችው። ያው ሆነ፤ የተጫነውን ጻፈች፦ ግራ ጆሮ፣ ስልሳ።