ከጆሮ በላይ

ክንዴ ተሰብሮ ከዳነ በኋላ ወደ ላይ አልነሳ አለኝ። በፊዚዮቴራፒ ጆሮዬ ድረስ መድረስ ሲጀምር ሆስፒታሉ «ይበቃሻል» ብሎ አሰናበተኝ። ሕክምናው መቼ እንደሚቆም የሚወስነውን ደንብ ያወጣው እዚያው ሆስፒታል ዕቅድ ክፍል የሚሠራው፣ ኢኮኖሚክስ የተማረው የወንድሜ ልጅ ነው። ሊጠይቀኝ ቤቴ ሲመጣ ደሜ ፈላ።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ በየቀጠሮው ብዙ ተሻለሽ። አሁን አንድ ቀጠሮ ቢጨመርልሽ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ለሌላ በሽተኛ ቢሰጥ ይሻላል» አለኝ፣ በጣቱ አየር ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር እየሣለ።

«እሰይ የኔ ምሁር! ጆሮ ላይ የቆመ እጅ አናት ያበጥራል?»

«የቀረሽ እኮ ትንሽ ነው።»

ማበጠሪያዬን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ከሥራህ በፊት ና፤ ያቺን ትንሿን አንተ ታበጥርልኛለህ። ከነገ ወዲያም፣ ከዚያም ወዲያ።»