ማግኔቱ ያልሰማው

ጋሽ አምባዬ ቤዝ ጊታራቸውን ታቅፈው ፒያሳ ወዳለችው የጥገና ሱቄ ሲገቡ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጡኝም።

«ሱዓድ፣ ይኼ ጊታር ከዳኝ፤ ድምፁ ሞተ» አሉ።

እሑድ ኮምቦልቻ ላይ ልጃቸውን የኔነሽን ይድራሉ። ሙሽራዋ ስትገባ ቤዙን ራሳቸው ሊጫወቱላት ቃል ገብተዋል። ያለቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት።

ለእኔ ጆሮ ጊታሩ ደህና ነበር። ግን ደንበኛን «ደህና ነው» ብሎ መመለስ አይሆንልኝም። ከክሮቹ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ ማግኔት የሚሰማው የክሩን ብረት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ክሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ ሥር ፒዞ ጨመርኩላቸው። ፒዞ የምንለው ስስ የነሐስ ክብ ነው፤ እንጨቱን ይሰማል። ከተሰበረ የጠረጴዛ ሰዓት ነው ያወጣሁት። ሁለቱን የምታመጣጥን አንዲት ቁልፍም ገጠምኩ።

ለየብቻ ሲሰሙ ማር ናቸው። አንድ ላይ ስከፍታቸው ግን ወፍራሙ ድምፅ ጠፋ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። የፒዞውን ሁለት ሽቦዎች ባቀያይራቸው ታረቁ። ጠረጴዛው ሳይቀር ነዘረ። በራሴ ኮራሁ፣ ምን ይደረግ!

ከዚያ ኳኳታው መጣ። ጠ ጠ ጠ ጠ። ጋሽ አምባዬ እጃቸውን እንጨቱ ላይ ባሳረፉ ቁጥር ይሰማል። የእኔ ብየዳ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ ነቅዬ በየድኩ፣ ደግሜ በየድኩ። በሦስተኛው ቀና ስል ቀኝ እጃቸውን አየሁት። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ጥፍራቸው እንጨቱን ይመታል። ጊታሩ ቀድሞም ምንም አልሆነም።

አንጀቴን በሉት። «ሽቦው ነው ጋሼ» አልኩ። ወላሂ ልል አፌ ላይ ደርሶ፣ በውሸት መማል ፈራሁና «አብሽሩ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «ለሽቦ አብሽር ይባላል እንዴ፣ ልጄ?»

አብሽር እንደ አይዞህ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚባለው ለታመመ፣ ለከፋው ሰው ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ፒዞውን ልዝጋው» አልኩ። «ማግኔቱ እጅዎን አይሰማም። እሑድ ማንም አያውቅም።»

ቁልፏን እስከ ጥግ አዞሯት፤ ኳኳታው ጠፋ። ጥቂት ቆይተው መልሰው አዞሯት። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«የኔነሽ፣ እስቲ ስሚ።» እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ።

«የምን ድምፅ ነው አባዬ?»

«እጄ ነው። ሰው ፊት እንዳላዋርድሽ ብዬ…» መጨረስ አቃታቸው።



«ከፋሲካ ወዲህ ብርጭቆ በሁለት እጅህ ነው የምትይዘው» አለች ቀስ ብላ። «እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነበር። እሑድም እንደዚሁ ተጫወትልኝ፤ አንተ መሆንህን እንዳውቅ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ አምባዬ። እጃቸው አሁንም እንጨቱን ይመታ ነበር፤ አላነሱትም።