ከአባባ ክፍል የተሰማ ሳል

ናዝራዊት ሳሉን የሰማችው ጓሮ ባለው ቧንቧ ፊቷን ስትታጠብ ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከአባቷ መኝታ ቤት። ውሃው በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ ቆማ ቀረች። አባቷ አቶ ዓምደሚካኤል ከተቀበሩ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

ሳሉ ደገመ።

ፊቷን ሳታደርቅ ወደ ድንኳኑ ተመልሳ ከአክስቷ ከወይዘሮ ሸዋረገጥ አጠገብ ተቀመጠች። ከኋላዋ ሁለት የእድር ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«እንባ እንኳ አልወጣትም እኮ። ያ መድኃኒት ነው ያደረቃት።»

«እንኳን አላለቀሰች። ለቅሶው ሕመሙን ቢቀሰቅስባትስ?»

ሰምታቸዋለች። አልከፋትም፤ የለመደችው ወሬ ነው። ያስፈራት ሳሉ ነበር።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በኪቶ ፉርዲሳ የዩኒቨርሲቲ ግቢ የምህንድስና ተማሪ ሳለች፣ ማንም በሌለበት ሰዎች ሲያሟት መስማት ጀመረች። የመኝታ ክፍል ጓደኞቿ ሐሳቧን እያነበቡ ለመምህራን የሚያቀብሉ መሰላት። አባቷ ዕድሜያቸውን በመሬት ቅየሳ የጨረሱ፣ ያልለኩትን የማያምኑ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ ግን የሚለኩበት ጠፋቸው። ጸበል ወሰዷት፤ ከጸበል መልስ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ስኪዞፍሬንያ ነው ተባለ።

የመጀመሪያው መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ድምፆቹን ዝም አሰኘላት። ነገር ግን አንገቷን ገተረው፤ እግሯ አንድ ቦታ አላርፍ አለ፤ ምራቋ ትራሷን ማራስ ጀመረ። መስታወት ውስጥ የምታያት ሴት አስጠላቻት። ክኒኑን ምላሷ ሥር እየደበቀች መትፋት ያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ድምፆቹ ተመለሱ። እነሱን ስትሸሽ በእግሯ የቡ የምትባል የገጠር ከተማ ደረሰች። ቱሉ የሚባሉ ገበሬ ናቸው የቡና ማሳቸው ውስጥ ተቀምጣ ያገኟት። «ጀባዹ፣ ልጄ፣ በርቺ» እያሉ ወተት አጠጥተው አባቷ እስኪመጡ አብረዋት ተቀመጡ።

አቶ ዓምደሚካኤል አልተቆጡም። ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት።

«መድኃኒቱ ምንሽን ነው የሚያስቸግርሽ? አትትፊው፤ ለእኔ ንገሪኝ። አብረን ለሐኪሙ እንነግረዋለን።»

ነገሩት። መድኃኒቱም ተቀየረ። አዲሱ አንገቷን ለቀቀላት፤ በምትኩ የማይጠግብ ረሃብ አመጣ። በዓመቱ ሃያ ኪሎ ጨመረች፤ እስከ ረፋድ እንቅልፍ ይጥላታል። አባቷ በየጊዜው ስኳሯን ያስለኩላታል፤ ማታ ማታ አብረዋት ይራመዳሉ። ልብሷ ጠቧት ስታለቅስ ደግሞ «የቀያሽ ልጅ ትንሽ ሰፋ ብትል ምን ይገርማል?» ብለው ያስቋታል። ክፍሏ ሲገቡ ሁልጊዜ በር ላይ ይስላሉ። የመጣው እውነተኛ ሰው መሆኑን እንድታውቅ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰላት። ጠዋት መንቃት ቻለች፤ የቤት ፕላን በምትነድፍበት ቢሮ ደንበኞች በስሟ ይጠይቋት ጀመር። መቀነሱ ሕመሙን ሊያገረሽ እንደሚችል ሐኪሙ አልደበቃቸውም። «እኔ አለሁ አይደል? እኔ አይሻለሁ» ያሉት አባቷ ነበሩ።

አሁን እሳቸው የሉም።

ረፋዱ ላይ ጅብሪል ለቅሶ ሊደርስ መጣ። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው፤ ለዓመታት ሲከታተላት የቤተሰቡ ወዳጅ ሆኗል። እጁን ይዛ ከድንኳኑ ኋላ ወሰደችው።

«ጅብሪል፣ ተመልሶብኛል።»

«ምኑ?»

«አባባ ሲስል ሰማሁ። ከክፍሉ። ደጋግሞ። ወደ ድሮው መጠን መልሱኝ። መተኛቱንም እተኛለሁ። ሥራውም ይቅር።»

ጅብሪል አልደነገጠም፤ ሊያጽናናትም አልተጣደፈም።

«የሚያናግርሽ ነገር አለ?»

«የለም። ሳል ብቻ ነው።»

«ክኒንሽን ዘለሻል?»

«አንድም ቀን።»

«ሐዘን ላይ የሞተ ሰው ድምፅ መስማት ይደርሳል። እኔም እናቴ፣ አላህ ይርሐማት፣ ስትጠራኝ ሰምቼ አቤት ብያለሁ። ያም ሆነ ይህ ለሐኪሙ እንነግረዋለን። ግን እስቲ መጀመሪያ በሩን እንክፈተው።»

«ምኑን?»

«የክፍሉን በር። ክኒን ከመጨመራችን በፊት።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ሳሉ እንደገና መጣ። ናዝራዊት የጅብሪልን ክንድ ጨበጠች። እሱ ግን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «እኔም ሰማሁት» አለና በሩን ገፋው።

አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ግንባሩ የአባቷ፣ አፍንጫው የአባቷ።

«ናዝራዊት? እንዲህ ትልቅ ሰው ሆንሽ?»

አቶ መሳይ ነበሩ፤ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ያየቻቸው በልጅነቷ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገጥ ተከትለዋቸው ደረሱና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ወይ ጉዴ! ማታ ክኒንሽን ውጠሽ ከተኛሽ በኋላ ነው ከደብረ ብርሃን የገባው። አንቀስቅሳት ብለን ተውን፤ ጠዋት ደግሞ እንግዳ በዛና ረሳሁት። ሳሉን ሰምተሽ ነው? የአባታችን ሳል ነው እኮ፣ ሁለቱም ወንድሞቼ ወርሰውታል!»

ናዝራዊት ለረጅም ጊዜ ያፈነችውን ትንፋሽ ለቀቀችው። ትንፋሹ ሳቅ ሆነ። ጅብሪልም ሳቀ። አክስቷ «ኧረ ለቅሶ ቤት ነው!» ብለው ሳይጨርሱ ራሳቸው ሳቁ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ናዝራዊት በሩን ተደግፋ አለቀሰች፤ ትከሻዋ እየተናጠ፣ ድምፅ አውጥታ፣ እንደማንኛውም አባቱን እንደቀበረ ልጅ። ከድንኳኑ አንዲት ሴት «እሰይ! ወጣላት!» ስትል ተሰማ።

ሲበርድላት ጅብሪልን አየችው።

«አባባ ነበር የሚያየኝ። አሁን ሲጀምረኝ ማን ያውቃል?»

«ዛሬ ማን ነገረኝ? አባትሽ ናቸው?»

«አይ፤ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ» አለ ጅብሪል። «ሐኪሙ ይወስን፤ እኔ ግን የሚያስጨምር ነገር አልታየኝም።»

አቶ መሳይ ወደ ድንኳኑ ለመውጣት ተነሡ። መንገዱ እግራቸውን አሳብጦታል፤ ጫማቸው እምቢ አለ። ናዝራዊት ተንበርክካ ከአልጋው ሥር የአባቷን ነጠላ ጫማ ሳበች። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ከአጎቷ እግር ፊት አስተካክላ አስቀመጠችው።

«ይሄን ያድርጉት» አለች።