ስፖርት በለቅሶ ቤት

ዕድላዊት ከምንጣፉ ልትነሳ እጇን መሬት ላይ ከማስደገፏ ጎረቤታቸው እማማ ወርቅአፈራሁ አፈፍ አድርገው አቀፏት።

«ወዴት ነው የኔ እናት? ሽንት ነው? ውኃ ነው? ንገሪኝ፣ እኔ አለሁልሽ።»

«መሄድ ፈልጌ ነው።»

«ምን በወጣሽ! አባት አጥተሽ ደግሞ በእግርሽ ልትሄጂ?» አሉና ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ንፍሮም ዘግነው አፏ ውስጥ ሞጀሩላት።

እናቷ ልክነሽ ከወዲያ ጥግ ሆና አየች። አባትየው ከተቀበረ ጀምሮ ልጅቷ መሬት አልረገጠችም። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እየተቀባበለ ያቅፋታል፤ ምስኪን እያለ ያጎርሳታል። ሰው ደግ ነው፣ ደግነቱ ግን መፈናፈኛ ያሳጣል። ትናንት ቀኝ እግሯን ስትዘረጋ ፊቷን አጨፍግጋ ነበር። ዛሬ ጠዋት ጭራሽ አልዘረጋም አላት።

በሽታው የዳሌ ነው። የጭኗ አጥንት ዳሌ ውስጥ የሚገባው ጫፉ ታሞ ልጅቷ ታነክሳለች። ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለአባቷ ለዳልጮ በደንብ አድርጋ ነግራዋለች። «አጥንቱ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይድናል። እስከዚያ መጋጠሚያው እንዳይደርቅ ጠዋትና ማታ ያሠሯት። ከተዉት ይገትራል። ከገተረ በኋላ ያለው ኦፕራሲዮን ነው፤ እሱም አዲስ አበባ።» ልክነሽ ያን ቀን የልጇን ጩኸት መስማት አቅቷት ኮሪደር ላይ ቆማ ነበር፣ ጆሮዋን በነጠላዋ ይዛ።

ዳልጮ ከተበተነው ጦር በእግሩ የተመለሰ ወታደር ነበር። ኋላ ኩልፎ ወንዝ ዳር መኪና ላይ ሙዝ እየጫነ ነበር የሚያድረው። ባለሙያዋ ያሳየችውን ሥራ «ስፖርት» ብሎ ሰየመው። ጠዋት ጠዋት፣ «ዕድላዊት ዳልጮ!» ብሎ ይጠራል።

«አቤት!»

«ስፖርት!»

ልጅቷ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀጥላ ታለቅሳለች። ልክነሽ ይሄኔ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ቦኖ ውኃው ትሄዳለች። ስትመለስ፣ «አረመኔ! ልጅ እኮ ናት፣ ብረት አይደለችም!» ትለዋለች። እሱ ላቡን እየጠረገ፣ «እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለሽ?» ይላል።

ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣችበትና ሳምንት ሳይሞላው ሄደ። ስፖርቱንም ይዞት ሄደ፤ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረማ።

ልክነሽ ደክሟታል። ሐዘንተኛ መሆንም ሥራ ነው። ሰው በገባ ቁጥር መነሳት፣ ደረት መምታት፣ አሟሟቱን እንደ አዲስ ማውራት። እንባዋ ነጥፏል። ይህንንም ከጨንቻ የመጡት የዳልጮ ታላቅ እህት፣ እትዬ ፀዳለ፣ አይተውባታል። «ልብ ካዘነ እንባ አይገድም» እያሉ ሲያንሾካሹኩ ሰምታቸዋለች። ይበሉ። መናደድም አቅም ይፈልጋል።

«እማማ፣ ልጄን ስጡኝ» አለች።

«ኧረ ተያት፣ አንቺ እረፊ።»

«ስጡኝ አልኩ!»

ልክነሽ ልጅቷን ተቀብላ ምንጣፉ ላይ በጀርባዋ አስተኛቻት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ እትዬ ፀዳለ።

«እግሯን ላሠራት ነው። ሊገትርብኝ ነው እትዬ።»

«በስመ አብ! የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ በቤቱ ስፖርት? ሣልስቱ እንኳ ሳይወጣ! ሰው ምን ይላል?»

«እግሯ ሣልስት አያውቅም እኮ እትዬ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ልጅቷን በሹክሹክታ ጠየቀቻት። «አባዬ እንዴት ነበር የሚያደርገው?»

«አታውቂም?»

«አላውቅም። አሳዪኝ።»

ዕድላዊት የእናቷን እጆች ወሰደችና አንዱን ጉልበቷ ላይ፣ አንዱን ተረከዟ ሥር አደረገች። «ወደ ደረቴ ግፊው። ቀስ ብለሽ። ሲያመኝ ቁሚ፣ ግን እንዳትለቂኝ።»

ገፋች። እግሩ እንቢ አለ። በዚህች ጊዜ ውስጥ እንዲህ! ጨክና ትንሽ ገፋ አደረገችው። ልጅቷ ጣራ በሚበሳ ድምፅ ጮኸች።

«አባዬ!»

በቃ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዲህ ተብሎ ተጮሆ ማን ይችላል? እማማ ወርቅአፈራሁ «ወይኔ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን ደቁ። እትዬ ፀዳለ «ወንድሜ! ጋሻዬ!» እያሉ ብድግ አሉ። ድንኳን ያሉት ወንዶች ተቀበሉ። ገና በር የደረሱ ለቅሶ ደራሾችም ምን ተፈጠረ ሳይሉ እየጮሁ ገቡ። ሰው ሁሉ ልጅቷ አባቷን አስታውሳ ያለቀሰች መስሎታል። እግሯን ነበር ያመማት። ምናልባት ሁለቱንም ይሆናል፤ ልክነሽ መለየት አልቻለችም።

እጆቿ ልቀቂው ልቀቂው አሏት። ተነስታ ከዚህ ጩኸት መሸሽ አማራት። ዳልጮ ግን ይህን ጩኸት ጠዋትና ማታ ብቻውን ችሎት ነበር፤ ሚስቱ አረመኔ እያለችው። የጠፋው እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። አልጠረገችውም፤ እጆቿ ተይዘዋል። የልጅቷ ጉልበት ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ ቀረበ።

«አሁን ወደ ጎን» አለች ዕድላዊት ንፍጧን እየሳበች። ልክነሽ እግሯን ወደ ጎን ከፈተችው፤ ሲያማት ቆመች፣ አልለቀቀቻትም፣ እንደገና ከፈተችው።

ለቅሶው ሲበርድ እትዬ ፀዳለ ድምፃቸው ሰልሎ መጥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። የልጅቷን ራስ ቀና አድርገው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«በቃ፣ ጨረስን የኔ ጀግና» አለች ልክነሽ። ወገቧ ተቆርጧል፤ እዚያው ልጇ ጎን ጋደም ልትል ዳዳት።

«አልጨረስንም። የግራው ቀርቷል።»

«ግራው ጤነኛ አይደል እንዴ?»

«ነው። ግን አባዬ እሱንም ያሠራው ነበር። በቀኙ እንዳይቀና።»

ልክነሽ እንደገና ተንበረከከችና ምንም ያልሆነውን እግር አንስታ፣ ጉልበቱን ቀስ ብላ ወደ ልጅቷ ደረት አጠፈችው።