ጥርስ የወጣላቸው አንበሶች

ጠራቢው የአባቱን ወንበር ከእናቱ ቤት ወደ ሥራ ቦታው የወሰደው አድሶ ሊያስደስታት ብሎ ነበር። በክንድ ማሳረፊያዎቹ ጫፍ የተቀረጹት ሁለት የአንበሳ ራሶች የአባቱ መዳፍ ከመዳበሱ ብዛት ተፍቀው፣ አንበሳ ይሁኑ ድንች አይለዩም ነበር። አባቱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። እናቱ ብቻ ሲመሻሽ አጠገቡ በርጩማ ስባ፣ አንዱን ራስ እየዳበሰች ታወራለች። ልጁ ብቸኝነት ነው ብሎ አልፎታል።

በመሮ እየፈለፈለ ጋማቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ በመጨረሻም ያገጠጠ ጥርሳቸውን መለሰላቸው።

"ጥርስ መትከል እንዲህ ካማረህ እኔ አለሁልህ አይደል?" አለች እናቱ፣ ወንበሩን ሲመልስላት ድዷን እያሳየች። ተሳሳቁ።

"ትርጉም እኮ አለው እማዬ። የድሮ ሰዎች እንዲያው ለጌጥ አልቀረጹትም። ጀርባው ላይ ያለው የወይን ሐረግ በረከት ነው፤ ሮማኑ ዘር ይብዛ ማለት ነው። ያገጠጠ አንበሳ ደግሞ ዘበኛ ነው፤ የሙት መንፈስ እንዳይጠጋ።"

የእናቱ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

"መርጦ ነው የሚያባርረው?"

"ምኑን?"

"መንፈሱን ነዋ! ክፉውን ከደጉ ይለያል ወይ?"



በሳምንቱ ሲመጣ ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ አገኛት።

"አባትህ መግባት ትቷል" አለችው፣ የጎረቤት ወሬ እንደምታወራ ሁሉ። "ደጅ ድረስ ይመጣል። ግራ እግሩን ይጎትት የለ? ኮቴው አይጠፋኝም። በሩ ላይ ቆም ይልና ይመለሳል። ነፍሱን ይማረውና፣ በቁሙስ ቢሆን ውሻ ሲያይ መንገድ ይቀይር አልነበር!"

"እሺ፣ ጥርሱን አሁኑኑ በብርጭቆ ወረቀት ላጥፋልሽ።"

"ተው፣ አትንካው! የእሱ እጅ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ወረቀት ሊሠራው?"

ጠራቢው አላመናትም። ፊቷን ሲያይ ግን ወንበሩ ሥር ተንበረከከና የአንዱን አንበሳ አፍ በመዳፉ ከደነ። "ያንን ደግሞ አንቺ ያዢልኝ" አላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል። ያዘችለት። አዲሱ ጥርስ መዳፉን ወጋው።

 በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ነበር።

ከደጅ የሚጎተት እግር ተሰማ። ጎረቤት ነው፣ አለ በልቡ። በሩ አልተከፈተም፤ ኮቴው ግን ውስጥ ገባ። የወንበሩ መቀመጫ ረገብ አለ፤ እሱ ራሱ በኮላ ያጠበቀው መጋጠሚያ ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት ሲጥ አለ።

"እጅህን እንዳታነሳ" አለች እናቱ በሹክሹክታ።

አላነሳም። በእጁ ጀርባ ላይ ሻካራ መዳፍ ቀስ ብሎ አረፈበት።