እቴናት የሰረዘቻቸው

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች ዘውድነሽ።

የእንጅባራው ፎቶ አንሺ መሳፍንት ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ የምሥራችን ተመለከታት። ስክሪኑ ላይ ያለችው የዘውድነሽ የመጀመሪያ ልጅ፣ የየምሥራች ታላቅ እኅት እቴናት ነበረች። በመኪና አደጋ ከሞተች ዛሬ ሣልስቷ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለቀስተኛው ከአዘና ከተማ ሳይቀር በፈረስ ይመጣል፤ ትልቁ ፎቶዋም ከፈረሰኞቹ ፊት ይያዛል።

«እቴናት ናት፣ እማ።»

«እኔ ልጄን መለየት አቃተኝ? ጠባሳዋ የታለ?»

እቴናት ሕፃን ሳለች ዓይኗ ታሞ ነበር። እንዳትታወርባት የፈራች እናቷ አዋቂ ዘንድ ወስዳ ከቅንድቦቿ በላይ በምላጭ አስበጣቻት። ዓይኗ ዳነ፣ ሁለት ሁለት መስመር ግን ግንባሯ ላይ ቀረ።

«ፊልተር ነው፣ እትዬ» አለ መሳፍንት። «ዛሬ ያለ ፊልተር ማን ይነሣል? እኔስ ብሆን ይህን አፍንጫዬን ይዤ...»

ማንም አልሳቀለትም።

«ጠባሳዋን ያጠፋው ስልኩ ነው?»

«ስልኩ ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

የምሥራች የእኅቷን ስልክ ተቀብላ ፎቶዎቹን ታሳልፍ ጀመር። ሰልፊው ማለቂያ የለውም፤ ሁሉም ግንባር ለስላሳ፣ ሁሉም ፈገግታ አንድ ዓይነት። እናቷ በትከሻዋ በኩል ታያለች።

«ይቺም አይደለችም። ይቺም። ሰዉ የማን ልቅሶ ነው የመጣነው ይበል? ባዶ እጄን እወጣለሁ እንጂ የሰው ፊት አላስይዝም!»

ውጭ የሚጠብቃቸው ባጃጅ ጡሩምባውን ነፋ።

«መብራት ሳይሄድብን ወስኑ» አለ መሳፍንት።

የምሥራች ስልኩ ውስጥ ገና ያልታየ ቦታ እንዳለ ታውቃለች። እቴናት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሃያ ጊዜ ትነሣና አሥራ ዘጠኙን ትሰርዛለች። አንዱም ያልጣማት ቀን ሠርግ እንኳ ቢሆን አልሄድም ብላ ትተኛለች። «እማ እንዳትሰማ» ብላ አስምላታለች፤ «ዓይኔን ያዳነችኝ እሷ ናት፣ ምን እላታለሁ?»

ጀርባዋን ለእናቷ ሰጥታ የተሰረዙትን ከፈተች።

ጠባሳው ሁሉም ላይ አለ። እቴናት ግንባሯን ወደ ካሜራው አስጠግታለች፤ ፀጉሯን ስባ ልትሸፍነው ሞክራለች፤ አንዱ ላይ ዓይኗ ቀልቷል። በየፎቶው ሥር ለዘለቄታው ሊጠፋ የቀረው ቀን ተጽፏል። የምሥራች የሚሻለውን ፈለገች። ከቀርከሃ አጥር አጠገብ ቆማ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ተኮሳትራ የምታይበትን አንዱን ብቻ መለሰችና ሌላውን ዘጋችው።

ዘውድነሽ ስልኩን ነጥቃ ጠባሳዎቹን በጣቷ ዳሰሰች።

«እሷ ናት። ልጄ ናት። ግን ለምን ተኮሳተረች?»

«ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶባት ነው።»

እናቷ ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው። የእቴናት ጥላ ከፊቷ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል።

«ፀሐዩ ከኋላዋ ነው» አለች።

የምሥራች ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። መሳፍንት እጁን ማውሱ ላይ እንዳደረገ ጠበቀ። ባጃጁ እንደገና ጮኸ።

ዘውድነሽ ስልኩን ለመሳፍንት አቀበለችው።

«ይቺን አትም» አለች። ከዚያ ልጇን ሳታይ ነጠላዋን እያጣፋች፣ «አንቺ ደግሞ የደበቅሽኝን ሁሉ ከልቅሶው መልስ ታሳይኛለሽ።»